በርሊን ውስጥ አንድ ነፃ እሑድ አለኝ፤ የኬተ ኮልቪትስን ሙዚየም ልየው?

ሲስተር ከሄርማታ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር ከጅማ ተነስቼ ለአጭር ሥልጠና ወደ በርሊን እሄዳለሁ። ሥልጠናው ቀኑን ሙሉ ነው። ማታ ደግሞ ደክሞኝ እንደምገባ ከወዲሁ አውቀዋለሁ። የራሴ የምለው ቀን አንድ እሑድ ብቻ ነው።

በእሑዷ ምን ላድርግ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል። ወንድሜ «ትልልቆቹን ሙዚየሞች ሳታዪ እንዳትመጪ» ይላል። ጓደኞቼ ልብስና ጫማ አዘውኛል። አብራኝ የምትሠራ ሐኪም ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። ኬተ ኮልቪትስ ለምትባል ጀርመናዊት ሠዓሊ ብቻ የተሰጠ ትንሽ ሙዚየም እዚያ አለ አለች። ባሏ የድሆች ሐኪም ነበር፤ ሴትዮዋም እሱ ጋ ለመታከም የሚመጡትን እናቶችና ልጆች እያየች ነው ሥዕል የሠራችው አለችኝ። እኔ የሕፃናት ክፍል ነርስ ነኝ። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ልቤ እዚያው ቀርቷል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። ስለ ሥዕል ተምሬ አላውቅም። የአንድ ሰው ሥራ ብቻ ያለበት ቤት ገብቼ ምን አያለሁ? ግማሽ ሰዓት ዞሬ የምወጣበት ነው ወይስ ጊዜ የሚሰጡት ቦታ ነው? ሄዶ ያየ ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ከመግባቴ በፊት ማወቅ ያለብኝ ነገር ካለም አትደብቁኝ።

አብዲ አጂፕ፦

ሲስተር፣ እንኳን ደስ አለሽ። መጀመሪያ የጓደኞችሽን ትእዛዝ ላንሳ። በርሊን ውስጥ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው። ትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች ውስጥ ካሉት ጥቂቶች በቀር ልብስና ጫማ የሚሸጥልሽ አታገኚም። እሱን ከሥልጠና መልስ በአንዱ ማታ ጨርሺው።

እኔ ብሆን የሙዚየሞች ደሴት ወደሚባለው ቦታ ነው የምሄደው። አምስት ትልልቅ ሙዚየሞች በወንዝ መሐል ጎን ለጎን ተሰልፈዋል። ኖየስ ሙዚየም ውስጥ የግብጿ ንግሥት የነፈርቲቲ ምስል አለ። ፐርጋሞን የሚባለው ግን እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ለእድሳት ስለተዘጋ እሱን ተስፋ አድርገሽ እንዳትሄጂ። አንድ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ትልቁ ይሻላል ባይ ነኝ። ትንሹን ለሌላ ጊዜ አቆዪው።

መምህር ዋንዛ፦

ሲስተር፣ እኔ ገብቼ አይቼዋለሁ። የአብዲ ምክር ክፉ አይደለም፤ ነፈርቲቲም መታየት ያለባት ናት። አንቺ ያለሽ ግን አንድ ቀን ነው። በአንድ ቀን ብዙ ትልልቅ ሙዚየም የሚያሯሩጥ ሰው እግሩ ይደክማል እንጂ ዓይኑ አይጠግብም። እኔ ትንሹን ቤት እመክርሻለሁ። ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ይህ ጉዳይ ልቤ ውስጥ ያለ ነው።

እኔ እዚሁ ጅማ የእንጨት ሥራ አስተምራለሁ። አባቴም አያቴም በርጩማ ጠራቢ ነበሩ። ጀርመን የሄድኩት በሙያዬ ነው። ወደዚህ ሙዚየም የወሰደኝም አብሮኝ የነበረ አንድ ጀርመናዊ አናጺ ነው። ሥዕል አያለሁ ብዬ ገባሁ፤ ያገኘሁት የመሮ ሥራ ነው።

ኮልቪትስ በቀለም የምትታወቅ ሠዓሊ አይደለችም። ሥራዎቿ አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸው። አብዛኞቹም ህትመቶች ናቸው። አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል የሚገዛው አንድ ባለጸጋ ነው። ህትመት ግን ብዙ ቅጂ ይወጣለታል፤ ዋጋው ይረክሳል፤ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል። ይህን አውቃ ነው የመረጠችው። ወጣት ሳለች በብረት ሰሌዳ ላይ በመርፌ ትጭርና በአሲድ ታስበላዋለች። ቀጥላ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ሣለች፤ ሊቶግራፊ የሚባለው ነው። ከዚያ እንጨት ቀረጸች። ከዚህም ሌላ ጭቃ እየለወሰች ቅርጻ ቅርጽ ትሠራ ነበር። ትልቅ ሙዚየም ከአንድ ሰው አንድ ሥራ፣ ቢበዛ ሁለት ነው የሚያሳይሽ። እዚህ ግን የአንዲት ሴት እጅ ከወጣትነት እስከ እርጅና ምን ሲፈልግ እንደኖረ ታዪበታለሽ። የቱ እንደሆነላት፣ የቱን ጥላ እንደሄደችም ታዪበታለሽ። የአንድ ሰው ሙዚየም ትልቁ ነገሩ ይህ ነው።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1867 ኮኒግስበርግ ነው። ከተማው ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብሎ በሩሲያ ሥር ነው። በ1891 ካርል ኮልቪትስ የሚባል ሐኪም አግብታ በርሊን ገባች። ካርል በሠራተኞች ሰፈር ነበር የሚያክመው፤ የልብስ ሰፊዎች የሕክምና መድን አባላትን ያይ ነበር። ቤታቸውና የማከሚያ ክፍሉ አንድ ሕንፃ ላይ ነበሩ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ከሕመማቸው ጋር የባላቸውን ሥራ ማጣትና የልጆቻቸውን ረሃብ ይዘው ነው የሚመጡት። እሷ ታወራቸዋለች፤ ታያቸዋለች። ሐኪሟ የነገረችሽ እውነት ነው። አንቺ ልጅ ታቅፋ ተራ የምትጠብቅ እናት እንዴት እንደምትቀመጥ ታውቂያለሽ። ትከሻዋ እንዴት እንደሚወርድ፣ እጇ የልጁን ጭንቅላት እንዴት እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ስለ ሥዕል አልተማርኩም ብለሽ አትፍሪ። እዚያ ቤት ውስጥ የሚያስፈልገውን እውቀት በየቀኑ ሥራሽ ላይ ታገኚዋለሽ።

በ1898 የሸማኔዎችን አመፅ የሚያሳዩ ሥራዎቿ በርሊን ላይ ለሕዝብ ታዩ። ሜዳልያ ይሰጣት ተብሎ ሐሳብ ቀረበ። ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ቪልሄልም እምቢ አለ። ስሟ ግን ከዚያ ወዲህ አልተደበቀም። በ1919 የፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ሆና ተመረጠች፤ የፕሮፌሰርነት ማዕረግም አገኘች። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከአካዳሚው እንድትወጣ አስገደዷት።

ከመግባትሽ በፊት የግድ ማወቅ ያለብሽ ግን ይህንን ነው። ሃንስና ፔተር የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲነሳ ፔተር 18 ዓመቱ ነበር። በፈቃዱ ለመዝመት የአባቱ ይሁንታ ያስፈልገው ነበር። አባቱ አይሆንም አለ። ልጁ እናቱን አየት አደረጋት። እሷም ባሏን ለመነችለት። ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ ቤልጂየም ላይ ተገደለ።

ይህን ሳታውቂ ብትገቢ ጥሩ ሥዕል አይተሽ ትወጫለሽ። አውቀሽው ከገባሽ ግን እያንዳንዷን እናት የምታዪበት ዓይን ሌላ ይሆናል።

ስለ ጦርነቱ ልትሠራ በብረት ሰሌዳ ሞከረች፤ አላረካትም። በድንጋይ ሞከረች፤ እሱም አላረካትም። በ1920 ኤርንስት ባርላኽ የሚባል ጀርመናዊ ቀራጺ የሠራቸውን የእንጨት ህትመቶች ኤግዚቢሽን ላይ አየች። ከዚያ መሮ አነሳች። ሃምሳ ዓመት አልፏት፣ ስሟ በአገሩ ታውቆ፣ እንደገና ከጀማሪ ተርታ ገብታ አዲስ ሙያ ጀመረች ማለት ነው። እኔ ይህንን ለማክበር ቃል ያጥረኛል።

እንጨት መቅረጽ ምን እንደሚጠይቅ ልንገርሽ። ጠፍጣፋ ጣውላ ትወስጃለሽ። በመሮ ቆፍረሽ ያነሳሽው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያልነካሽው ላይ ቀለም ይቀባል፤ ወረቀት ይጫንበታል፤ ጥቁር ሆኖ ይታተማል። ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው የሚወጣው። አንዴ ያነሳሽው አይመለስም። እንጨቱም የራሱ ፈቃድ አለው። መስመሩን ተከትለሽ ስትሄጂ ይታዘዝሻል፤ መስመሩን አቋርጠሽ ስትሄጂ ይሰነጠቅብሻል። ስለዚህ ለስላሳ ጥላና ቀጫጭን ጌጥ በቀላሉ አይሆንለትም። የበዛውን እየጣልሽ ያለ እሱ የማይቆመውን ብቻ መተው ነው። የእኛም በርጩማ እንደዚሁ ነው። መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ከአንድ የዋንዛ ግንድ ነው የሚወጡት። ምስማር የለው፣ ማጣበቂያ የለው። አንድ ምት ካለቦታው ካረፈ ግንዱ ለማገዶ ነው።

«ጦርነት» የሚባለው ተከታታይ ሥራዋ ሰባት የእንጨት ህትመት ነው። የወጣው በ1923 ነው። ጠመንጃ የለበትም። ጠላት የለበትም። የጦር ሜዳም አታዪበትም። በመጀመሪያው ላይ አንዲት እናት ሕፃኗን አንስታ ወደ ፊት ትዘረጋዋለች፤ «መሥዋዕት» ይባላል። ሁለተኛው «ፈቃደኞቹ» ነው። ሞት ከበሮ እየመታ ይመራል፤ ወጣቶቹ ይከተሉታል። ከሞት አጠገብ ያለው ፔተር ነው። ሦስተኛው «ወላጆች» ነው። አባትና እናት ተንበርክከው አንዱ በሌላው ላይ ወድቀዋል። አባት ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። የእናትየው ፊት ጨርሶ አይታይም። ሁለቱ ሰዎች አንድ ጥቁር አካል ሆነዋል። ከጥቁሩ ውስጥ የሚለዩት በእጆቹና በልብሱ እጥፋት ላይ ያሉ ነጭ ጭረቶች ናቸው።

እዚያ ፊት ለፊት ቆሜ መሮው የት እንደገባ፣ የት እንደቆመ በዓይኔ ተከተልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን የልብሱን እጥፋት ሁሉ ይቀርጸው ነበር። እሷ አብዛኛውን አልነካችውም። ሐዘኑን የተሸከመው ያልተቀረጸው እንጨት ነው። ተማሪዎቼ ጣውላ ይዘው ሲቸኩሉ የምነግራቸው ስለዚያ ጥቁር ነው።

ሁለቱ የመበለቶቹ ህትመቶችም አሉ፤ እነሱን ራስሽ እያቸው። «እናቶች» የሚለው ጋ ግን ቆም በይ። ሴቶች ተቃቅፈው እንደ ግንብ ተያይዘዋል። ከመካከላቸው የልጆች ፊት ብቅ ይላል። የእነዚያን ሴቶች እጅ ብቻ እያየሽ ረጅም ጊዜ መቆም ትችያለሽ።

እንግዲህ ግማሽ ሰዓት ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ለእኔ ግማሹን ጊዜዬን የበላው አንድ ግድግዳ ነው።

የኮቺዋ፦

መምህር፣ የጻፉትን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አከብርዎታለሁ። ግን ልቃወም። ሐዘን ለማየት በርሊን ድረስ መሄድ ያስፈልጋል? እኛ ሐዘን አንሶን ነው? ልጁን ለጦርነት የሰጠ ቤት በየሰፈራችን አለ። ሲስተር ደግሞ በየቀኑ የታመመ ሕፃን ስታነሳና ስትጥል የምትውል ሰው ናት። አንድ የዕረፍት ቀን ብታገኝ በዚያች ቀን የተራበ ሕፃን ሥዕል ፊት ትቁም? እኔ ብሆን አንድ ጥሩ መናፈሻ ገብቼ ቡናዬን ይዤ ሰው እያየሁ እውላለሁ። ሰላም መዋልም እኮ ነገር ነው።

ሲስተር ከሄርማታ፦

እህቴ፣ ያልሽው እኔም ውስጥ ነበር። መምህር ሲጽፉ ልቤ ተሳበ። ስለ ልጇ ሳነብ ደግሞ ፈራሁ። እዚያ ሰው መሐል ማልቀስ አልፈልግም። መምህር፣ ይህንን ምን ይሉታል?

መምህር ዋንዛ፦

የኮቺዋ፣ ጥያቄሽ ትልቅ ጥያቄ ነው። እኔም አክብጄ ነው የምመልሰው።

እዚያ ቤት ውስጥ ሐዘን አለ። አልዋሽም። ግን ያለው ሐዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ሲስተርን ሂጂ አልላትም ነበር። እኔ ያየሁት ሥራ ነው። ሴትዮዋ ልጇ እንደሞተ በዚያው ዓመት ሐውልት ልትሠራለት አሰበች። መጀመሪያ ያሰበችው ልጁ ተጋድሞ፣ ወላጆቹ አጠገቡ ሆነው ነበር። ጀመረች፤ ተወችው፤ ተመለሰችበት። በመጨረሻ ልጁን ከሐውልቱ አወጣችው። የቀሩት ሁለት ተንበርካኪ ወላጆች ብቻ ናቸው፤ አባት ለብቻው፣ እናት ለብቻዋ። በ1932 ቤልጂየም ውስጥ ልጇ የተቀበረበት የወታደሮች መካነ መቃብር ላይ ተተከለ። ከጅማሬው እስከዚያ ድረስ 18 ዓመት ገደማ ነው። የሁለቱ ምስሎች ፊት የእሷና የካርል ነው። በኋላ መቃብሩ ሲዛወር ሐውልቱም አብሮ ሄደ፤ ዛሬ ያለው ቭላድስሎ በሚባል ቦታ ነው።

አንድን ሥራ 18 ዓመት የሚይዝ ሰው ሐዘኑን ለማሳየት አይደለም የሚይዘው። ልክ እስኪሆን ነው። እኔ ከሙዚየሙ ስወጣ ከባድ ነገር አይቼ ነበር፤ ግን ክንዴ አልዛለም። ቶሎ ወደ ሥራዬ መመለስ ነበር የፈለግሁት።

ደግሞ ሁሉም ለቅሶ አይደለም። ከ1920ዎቹ ፖስተሮቿን ተመልከቱ። «የጀርመን ልጆች ይራባሉ» በሚለው ላይ ሕፃናት ባዶ ሳህናቸውን ወደ ላይ አንስተው ዓይን ዓይንሽን ያዩሻል። ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ መንገደኛው እንዲያየውና እጁን እንዲዘረጋ ነው የተሠራው። በ1924 «ጦርነት ከእንግዲህ ይብቃ» ብላ የሠራችው ላይ አንድ ወጣት ክንዱን ወደ ሰማይ አንስቶ ይጮኻል። ይህ የሚያለቅስ ሰው ሥራ አይደለም።

አንዱን ልጨምር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሐል፣ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗት፣ የመጨረሻ ሊቶግራፏን ሠራች። ርእሱ ከገጣሚው ከጎተ የተወሰደ ነው፤ «የዘር እህል አይፈጭም» የሚል። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ይህንን ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። ቤት ውስጥ የሚበላ ቢጠፋ እንኳ ለዘር የተቀመጠው አይነካም። ሥዕሉ ላይ አንዲት አሮጊት እናት ክንዶቿን ዘርግታ ወንዶች ልጆችን ከሥሯ ሸሽጋለች። ልጆቹ ልጆች ናቸው፤ መውጣት ያምራቸዋል፤ አንዱ ከክንዷ ሥር ብቅ ብሏል። እሷ ግን አትለቅም። ፊቷን እዩት። አታለቅስም። ትከለክላለች። በ1914 ያልከለከለችውን ነው ያኔ የከለከለችው። በዚያ ጦርነት ደግሞ በ1942 የልጅ ልጇን አጣች። ስሙ ፔተር ነበር፤ በአጎቱ ስም የተሰየመ።

ሲስተር፣ አንቺ ታለቅሻለሽ አታለቅሺም አላውቅም። ብታለቅሺም ማንም አይገረምብሽም። እኔ ያየኋቸው ሰዎች ዝም ብለው የሚቆሙ ናቸው። ከከበደሽ ከሙዚየሙ ሁለት እርምጃ ወጣ ስትዪ የሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት አትክልት ቦታ አለ። የኮቺዋ ያለችውን ቡና እዚያ አካባቢ ጠጥተሽ ተመለሺ። ሁለቱም ምክር አብሮ ይሄዳል።

የኮቺዋ፦

ገለቶማ መምህር። የዘር እህሉን ነገር እናቴ ብትሰማው ደስ ይላታል። ቡናዬን ግን አልተውኩም።

ሲስተር ከሄርማታ፦

እሺ፣ ልሄድ ነው። አሁን መንገዱን ንገሩኝ። የማርፈው ዞኦ የሚባለው ጣቢያ አጠገብ ነው። ቀኑን እንዴት ልከፋፍለው? ፎቶ ማንሳትስ ይቻላል? ጽሑፉ ጀርመንኛ ብቻ ከሆነ ምን አደርጋለሁ?

መምህር ዋንዛ፦

ዞኦ አጠገብ ከሆንሽ ተመቸሽ። ሙዚየሙ ሻርሎተንቡርግ ቤተ መንግሥት ጎን ነው። ድሮ ፋዛነንሽትራሰ የሚባል መንገድ ላይ ነበር፤ በ2022 ነው የተዛወረው። ስለዚህ አሮጌ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የሚመራሽ ሰው ካለ ወደ ሌላ ቦታ ይወስድሻል። አሁን ያለበት በቤተ መንግሥቱ ምዕራብ ጫፍ ያለው የድሮው ቴአትር ቤት ነው። ሕንፃውን የሠራው ካርል ጎትሃርድ ላንግሃንስ ነው፤ የብራንደንቡርግን በር የሠራው ሰው። ከዞኦ ጣቢያ ኤም 45 አውቶቡስ ወደዚያ ይወስድሻል። የመክፈቻ ሰዓቱን ግን ከመውጣትሽ በፊት በሙዚየሙ ድረ ገጽ ላይ አረጋግጪ።

ጽሑፉ በእንግሊዝኛም አለ። ስለ ፎቶ በር ላይ ጠይቂ፤ ፍላሽ ግን በፍጹም አታብሪ። ወረቀት ብርሃን ይጎዳዋል። በዚሁ ምክንያት የወረቀት ሥራዎቹን እየቀያየሩ ነው የሚሰቅሏቸው። እኔ የነገርኩሽን ሁሉ በአንድ ቀን ላታገኚው ትችያለሽ። «ወላጆች» ባይኖር ሌላ ይኖራል፤ በእሱ አትዘኚ።

ስትገቢ መጀመሪያ ሁሉንም ሳትቆሚ ዞረሽ ጨርሺ። ጽሑፍ አታንብቢ። ከዚያ እግርሽ ራሱ የሚመልስሽ ሁለት ሦስት ሥራ ይኖራል። እነሱ ፊት ሄደሽ ቁሚ። ጽሑፉን ያኔ አንብቢ። ህትመቶቹን ከጨረስሽ በኋላ ወደ ቅርጻ ቅርጾቹ ሂጂ። እንጨቱን ካየ ዓይን ጋር ወደ ነሐሱ ስትሄጂ እጇን ታውቂዋለሽ። «የእናቶች ግንብ» የሚባለው ካለ ዙሪያውን ዙሪው። በ1937 እና በ1938 የሠራችው ነው፤ ቅድም ያልኩሽ የእንጨት ህትመት ቆሞ የተነሳ ይመስላል።

ከሰዓት በኋላ በመጣሽበት አውቶቡስ ወደ ዞኦ ተመለሺና 100 ቁጥር አውቶቡስን ያዢ። ኡንተር ዴን ሊንደን የሚባለው መንገድ ላይ ውረጂ። ኖየ ቫኸ የሚባል ዓምዶች ያሉት ሕንፃ ታገኛለሽ። አርክቴክቱ ሺንከል ነው፤ በ1818 ተሠርቶ ያለቀ የዘበኞች ቤት ነበር። ከ1993 ጀምሮ ለጦርነትና ለግፍ አገዛዝ ሰለባዎች መታሰቢያ ሆኗል። መግቢያ አይከፈልበትም። ውስጡ ባዶ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት እናት የሞተ ልጇን በጉልበቶቿ መካከል ይዛ ተቀምጣለች። የኮልቪትስ ሥራ ነው። እሷ በ1930ዎቹ መጨረሻ የሠራችው ዋናው ቅርጽ 38 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚያ ያለው አራት እጥፍ ያህል ተደርጎ የተሠራ ነው። ጣሪያው መሐል ላይ ክብ ቀዳዳ አለ። ዝናብም በረዶም በቀጥታ ምስሉ ላይ ይወርዳል። ያልተደፈነው ሆን ተብሎ ነው።

ይህ መስፋት ትክክል ነበር ወይ ብለው ጀርመኖች ራሳቸው ሲነጋገሩበት ኖረዋል። ለእኔ ትንሹ ይበልጥብኛል። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሐዘን ሰው ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው። አንቺ ግን ሁለቱን አይተሽ የራስሽን ፍረጂ።

አብዲ ደስ ይበለው፤ ከኖየ ቫኸ ድልድዩን ስትሻገሪ የሙዚየሞች ደሴት ነው። ጉልበት ካለሽ ነፈርቲቲን ማየት ትችያለሽ። ጉልበቱ ለአንድ ነገር ብቻ ከቀረሽ ግን በ2 ቁጥር የምድር ባቡር ዜነፌልደርፕላትስ ውረጂ። ጣቢያው የተሰየመው ሊቶግራፊን በፈጠረው በአሎይስ ዜነፌልደር ነው። ከዚያ ትንሽ በእግር ሄደሽ ኮልቪትስፕላትስ ትደርሻለሽ። እነ ኮልቪትስ ከሃምሳ ዓመት በላይ የኖሩት በዚያ ሰፈር ነው። ቤታቸው በ1943 በቦምብ ፈረሰ፤ ብዙ ሥራዋም አብሮ ጠፋ። ካርል በ1940 ሞቶ ነበር። እሷ ከበርሊን ወጥታ በመጨረሻ ድሬስደን አጠገብ ሞሪትስቡርግ በሚባል ቦታ ተጠግታ ኖረች። ሚያዝያ 1945 ውስጥ፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሞተች። አደባባዩ ላይ ጉስታቭ ሳይትስ የሠራው የእሷ ሐውልት አለ። ሕፃናት ጭኗ ላይ ይወጣሉ። ማንም አይከለክላቸውም።

የጅሬን ልጅ፦

መምህር፣ ይህን ሁሉ ለጀርመኗ ሲጽፉ ደስ አለኝ። ግን የእኛ ጅማ ሙዚየምስ? የዳግማዊ አባ ጅፋር ዕቃዎች እዚያ ተቀምጠው የከተማው ሰው ስንቱ ገብቶ ያውቃል? ልጆቻችን ጅሬን ያለውን ቤተ መንግሥት የሚያዩት በትምህርት ቤት ጉዞ ብቻ ነው።

መምህር ዋንዛ፦

እውነትህን ነው። ሲስተርም ከመሄዷ በፊት ጅማ ሙዚየም ብትገባ እወዳለሁ። ዓይን የሚለማመደው ቤቱ ነው። እዚያ ያሉትን የእንጨት ዕቃዎች ስታዪ፣ ሲስተር፣ ስለ ንጉሡ ታሪክ ብቻ አትጠይቂ። የጠራቢው መሣሪያ የት የት እንደነካ ፈልጊ። የእንጨቱ መስመር ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቺ። ጠራቢው መስመሩን ተከትሎ ነው የሠራው ወይስ አቋርጦት? ጥርብ ላይ ይህን ማየት ከቻልሽ በርሊን ላይ ወረቀቱን ስታዪ ከጀርባው ያለው ጣውላ ይታይሻል።

አባ ጅፋር ያረፉትና የኮልቪትስ ሐውልት ቤልጂየም ላይ የተተከለው በአንድ ዓመት ነው፤ እ.ኤ.አ. 1932። ልዩ ትርጉም አለው ብዬ አይደለም። እኔ ዓመት የምይዘው የሩቁን ከቅርቡ እያገናኘሁ ስለሆነ ነው። ለተማሪዎቼም እንዲሁ ነው የማስተምራቸው።

ሲስተር ከሄርማታ፦

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ ጅማ ሙዚየም እገባለሁ። ከኮቺዋ ጋር ብንሄድ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ ቡናውን እኔ ነኝ የምጋብዛት። ከበርሊን ለተማሪዎችዎ ምን ላምጣልዎት?

መምህር ዋንዛ፦

የ«እናቶች» ወይም የ«ወላጆች» ፖስት ካርድ ካለ አንድ አንድ ግዢልኝ። ሁለቱም ከሌሉ ከእንጨት ህትመቶቿ የትኛውም ይሁን። ክፍል ውስጥ ከመሮዎቹ በላይ እሰቅለዋለሁ። ውድ መጽሐፍ እንዳትገዢ፤ ሻንጣሽን ያከብድብሻል።

አብዲ አጂፕ፦

ሲስተር፣ ከተማው እሑድ ዝግ ነው ያልኩት ፖስት ካርዱን አይጨምርም። የሙዚየም ሱቆች እሑድም ይሸጣሉ። ለእኔም የነፈርቲቲን አንድ ያዢልኝ።